የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር አጫጫን፦ መጀመሪያ ካርዱን እወቁት

ዊንዶውስ አዲስ ጭናችሁ ስትጨርሱ ስክሪኑ ደስ አይልም። ጽሑፉ ደብዝዟል። አይከኖቹ ከልክ በላይ ገዝፈዋል። መስኮት ይዛችሁ ስትጎትቱ እየተንቀራፈፈ ነው የሚከተላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ይደነግጥና «ካርዱ ተበላሸ» ይላል። የግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ ደህና ነው። የጎደለው ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨር በዊንዶውስና በካርዱ መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ነው። እሱ እስኪጫን ድረስ ዊንዶውስ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል መጠባበቂያ ይሠራል። መጠባበቂያው ምስል ከማሳየት አያልፍም። ካርዱ ሊሠራው የሚገባውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ይሸከማል። ቪዲዮ ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ የሚንገታገተው፣ ፋኑም የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ዘመድ ወይም ጓደኛ ስለዚህ ጉዳይ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ካርድህ ምንድን ነው?» ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። መጫኑ ራሱ ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ቀላል ነገር ነው። ሰውን መከራ የሚያሳየው ካርዱን ሳያውቅ መጀመሩና ድራይቨሩን ካገኘበት ቦታ ማውረዱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ካርዱ ምንድን ነው?

የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ። እዚያ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚል መስመር አለ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነኩ የካርዱ ስም ይወጣል።

ስሙ ላይ ጂፎርስ ወይም ኳድሮ የሚል ካለ የኤንቪዲያ ነው። ራዲዮን ካለ የኤኤምዲ ነው። አርክ፣ አይሪስ ወይም ዩኤችዲ ግራፊክስ ካለ የኢንቴል ነው። ሁለት ስም ካያችሁ አትገረሙ። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ሌላው ለብቻው የተሰካው ካርድ ነው። በተለይ ላፕቶፕ ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ለሁለቱም ድራይቨር ያስፈልጋል።

ድራይቨሩ ጨርሶ ከሌለ ግን ስሙ አይታይም። የምታዩት ያንን መጠባበቂያ ብቻ ነው። ያኔም መላ አለው። የመጠባበቂያው ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግቡ። «ዲቴይልስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። ረዘም ያለ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። ያስፈራል፣ ግን የምትፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይነግሯችኋል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው። 10 ብሎ ዲ እና ኢ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ካስከተለ ኤንቪዲያ ነው። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ደግሞ የካርዱን ሞዴል ይለያሉ። መስመሩን ኮፒ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት የካርዱ ሙሉ ስም ይመጣላችኋል። እግረ መንገዴን፦ 8086 ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም ነው። ኩባንያው ቁጥሩን ለራሱ መለያ አድርጎ አስቀርቶታል፤ ይሄን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ካርዱ የመጣበት ሳጥን ላይ አሱስ፣ ኤምኤስአይ ወይም ጊጋባይት የሚል ታነቡ ይሆናል። እነዚህ ቺፑን ከኤንቪዲያ ወይም ከኤኤምዲ ወስደው ሰሌዳውን፣ ፋኑንና መሰኪያውን የሚሠሩ ናቸው። ድራይቨሩ የሚወርደው ግን ከቺፑ ባለቤት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ይዞ ድራይቨር ሲያስስ የሚውል ሰው ብዙ ነው።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዞር በሉና የሞኒተሩን ኬብል ተመልከቱ። ላይኛው በኩል፣ ከዩኤስቢና ከድምፅ መሰኪያዎቹ አጠገብ የተሰካ ከሆነ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ነው ያለው። ወደ ታች ወርዶ ለብቻው ካሉት መሰኪያዎች አንዱ ላይ መሆን አለበት። እነዚያ የካርዱ ናቸው። ኬብሉ ማዘርቦርድ ላይ ተሰክቶ «ካርዱ አይሠራም» የተባለ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ እንዳየሁ! ካርዱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ካለውም ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ገመድ መሰካቱን አረጋግጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ብቻውን የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ባለ 8 ፒኑ ገመድ ሌላ 150 ዋት ይጨምራል። ኃይል ያልደረሰውን ካርድ ድራይቨር አያድነውም።

ከየት ነው የሚወርደው?

ከአምራቹ ድረ ገጽ። በቃ። ከኤንቪዲያ፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኢንቴል።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ ድራይቨር ፈልጎ ኢንተርኔት ላይ ከመጣለት ውጤት የመጀመሪያውን ነካ። ማስታወቂያ ነበር። ገጹ ላይ ትልቅ አረንጓዴ የማውረጃ ምልክት ነበረው። የወረደው ድራይቨር አልነበረም፤ «ድራይቨሮችህ በሙሉ አርጅተዋል፣ ለማደስ ክፈል» የሚል ፕሮግራም ነበር። አልከፈለም። ግን ፕሮግራሙ ብሮውዘሩን ቀያይሮ፣ ሌላ ሁለት ፕሮግራም ጨምሮ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳ ሆነ። አጽድተን እስክንጨርስ መሸ። ድራይቨሩን ከአምራቹ አውርደን ስንጭን ግን ቡና እንኳን አልቀዘቀዘም።

ፋይሉ ሲወርድ ትክክለኛ መሆኑን የምታዩበት ቀላል መንገድ አለ። ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ»። እዚያ ላይ የአምራቹ ስም መጻፍ አለበት። ገጹ ጭራሽ ከሌለ ወይም የማታውቁት ስም ካለበት ፋይሉን አትክፈቱት፤ ሰርዙት።

ድረ ገጹ ላይ የካርዱን ዓይነት፣ ሲሪስና ሞዴል፣ ከዚያም የዊንዶውሱን ዓይነት ይጠይቃችኋል። ላፕቶፕ ከሆነ ሲሪሱ ላይ «ኖትቡክስ» የሚለውን መምረጥ አትርሱ። ኤንቪዲያ ጋ ደግሞ «ጌም ሬዲ» እና «ስቱዲዮ» የሚሉ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው አዳዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለዲዛይን ፕሮግራሞች ተፈትሾ ይወጣል። ጌም የምትጫወቱም ቪዲዮ የምትሠሩም ከሆነ በየትኛውም ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። እኔ ቪዲዮ ስለማቀናብር ስቱዲዮውን ነው የምጠቀመው።

ካርዱ የቆየ ከሆነ የቅርብ ጊዜውን ድራይቨር አትፈልጉ፤ አይቀበለውም። እንደ ጂቲኤክስ 680 እና 780 ያሉ የኤንቪዲያ ካርዶች የጌም ድራይቨር ማግኘት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ኤኤምዲም በዚያው ዓመት ኤችዲ 7000ን የመሳሰሉ ካርዶቹን ከመደበኛው ዝርዝር አውጥቷል። ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ጂቲኤክስ 1060 እና ጓደኞቹም ተራቸው ደርሷል። ኤንቪዲያ ለእነሱ የመጨረሻው የጌም ድራይቨር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 እንደሚሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር 2028 የደህንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚያወጣ አስታውቋል። ይሄ ማለት ካርዱ ሞተ ማለት አይደለም። ድረ ገጹ ላይ የራሳችሁን ሞዴል በትክክል ከመረጣችሁ ለእሱ የተሠራውን የመጨረሻ ድራይቨር ያወጣላችኋል። ያንን ጫኑ፣ ይሠራል።

ላፕቶፕ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ሠሪ ድረ ገጽ እዩ። ሁለቱ ካርዶች ሥራ የሚከፋፈሉበትን መንገድ ለዚያ ሞዴል ብቻ ያስተካከሉበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በቆዩት ላይ። እዚያ ያለው በጣም ካረጀ ወደ ቺፑ ሠሪ ሂዱ።

ጌም ለማትጫወቱና ቪዲዮ ለማትሠሩ፣ ኢንተርኔት ከፍቶ ጽሑፍ መጻፍ ለሚበቃችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ የሚያመጣው ይበቃችኋል። ኢንተርኔት አገናኙና ትንሽ ጠብቁ። ካልመጣ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ብላችሁ «ኦፕሽናል አፕዴትስ»ን እዩ። ትንሽ የቆየ ይሆናል እንጂ ይሠራል።

አጫጫኑ

ከመጀመራችሁ በፊት መመለሻ አዘጋጁ። የዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ የሚመጣውን ክፈቱ፣ «ክሪኤት» በሉ። ነገር ከተበላሸ ወደዚህች ሰዓት ትመለሳላችሁ። የከፈታችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ። ጌምና ብሮውዘር ዝጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፤ መሃል ላይ ባትሪ ማለቁ መጥፎ ነው።

አሁን የወረደውን ፋይል ደብል ክሊክ አድርጉ። ኤንቪዲያ መጀመሪያ ፋይሉን የት እንደሚፈታ ይጠይቃል፤ እንዳለ ተቀበሉት። ቀጥሎ ድራይቨሩን ብቻ ወይስ ከነአፕሊኬሽኑ ይላል። አፕሊኬሽኑ ድራይቨር ለማደስና ስክሪን ለመቅዳት ይጠቅማል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ከዚያ «ኤክስፕረስ» እና «ከስተም» ይመጣል። እኔ ሁሌ «ከስተም» ነው የምለው። ውስጡ «ክሊን ኢንስታሌሽን» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ስታደርጉባት የድሮው ቅንብር ተጠርጎ በአዲስ ይጀምራል።

ኤኤምዲ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ሙሉውን፣ አነስ ያለውን ወይም ድራይቨሩን ብቻ። ቅንብሩን መነካካት የማትፈልጉ ከሆነ አነስ ያለው ጥሩ ነው። የኢንቴል ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥል እያላችሁ ትጨርሳላችሁ።

መሃል ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል። ብልጭ ድርግም ይላል። ሰፋ ጠበብ ይላል፣ የድምፅ ምልክትም ይሰማል። ይሄ ጤናማ ነው፤ ዊንዶውስ መጠባበቂያውን ጥሎ አዲሱን ድራይቨር እያነሳ ነው። እባካችሁ በዚህ ሰዓት ማጥፊያውን አትንኩ። ታገሱ። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ፣ ባይጠይቃችሁም።

የድሮው ድራይቨር እንቢ ካለ

ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ ወይም ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ካርድ ቀይራችሁ ከሆነ፣ ወይም መጫኛው ደጋግሞ «አልተሳካም» ካለ፣ የድሮውን ትርፍራፊ ሥር ከሥሩ መንቀል ያስፈልጋል። ለዚህ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በአጭሩ ዲዲዩ ይሉታል። ኃይለኛ ስለሆነ በየጊዜው አትጠቀሙበት። ሲያስፈልግ ግን ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

1. አዲሱን ድራይቨርና ዲዲዩን አስቀድማችሁ አውርዱና ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ።

2. ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ኬብል ከሆነ ንቀሉት፣ ዋይፋይ ከሆነ አጥፉት። ካልተቋረጠ እናንተ ስታጸዱ ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላ የራሱን ድራይቨር ይጭናል፤ ልፋታችሁ ውሃ ይበላዋል።

3. ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ። ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ እንደገና «ሪስታርት»። ዝርዝሩ ሲመጣ 4ን ስትነኩ ሴፍ ሞድ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ነገሮች ብቻ ይዞ የሚነሳበት ሁኔታ ነው። ዲስካችሁ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን ሳትይዙ ይሄን ደረጃ አትጀምሩ። የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ እዩት።

4. ዲዲዩን ክፈቱ፣ «ጂፒዩ» ብላችሁ የድሮውን ካርድ አምራች ምረጡ፣ አጽድቶ ሪስታርት የሚያደርገውን ንኩ።

5. ሲነሳ ስክሪኑ እንደገና ያስጠላል። ደህና ነው። አዲሱን ድራይቨር ጫኑ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን መልሱ።

መግባቱን በምን እናውቃለን?

«ዲቫይስ ማናጀር»ን መልሳችሁ ክፈቱ። አሁን የካርዱ ትክክለኛ ስም፣ ቢጫ ምልክት ሳይኖርበት፣ መታየት አለበት። «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ድራይቨር» የሚለው ገጽ ላይ የድራይቨሩ ቁጥር አለ። የኤንቪዲያ ከሆነ ቁጥሩ ካወረዳችሁት ጋር የማይገጥም ይመስላል። 560.94 አውርዳችሁ 32.0.15.6094 የሚል ታያላችሁ። አልተሳሳታችሁም። ነጥቦቹን ትታችሁ ከመጨረሻ አምስቱን አሃዞች ብቻ ውሰዱ፦ 5፣ 6፣ 0፣ 9፣ 4። ከሦስተኛው በኋላ ነጥብ አድርጉ። ይኸው 560.94።

ሞኒተራችሁ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ) ከሆነ ድራይቨሩ ስለገባ ብቻ 144 ላይ ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ»፣ እዚያ ከፍ አድርጉት። ለውጡን ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ወዲያው ታዩታላችሁ፤ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ቅቤ ትንሸራተታለች።

«ድራይቨር ከጫንኩ በኋላ ድምፅ ጠፋ» የሚል ስልክም ይደርሰኛል። ድምፁ አልጠፋም፤ አድራሻ ቀይሯል። ከግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ኬብል ድምፅ የሚልክ ሌላ ድራይቨር አብሮ ይገባል። ዊንዶውስ ድምፁን ወደ ሞኒተሩ ያዞረዋል፤ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የድምፅ ምልክት ንኩና የለመዳችሁትን ስፒከር መልሳችሁ ምረጡ።

ቢበላሽስ?

ኮምፒውተሩ እየሠራ ስክሪኑ ድንገት ከጠቆረ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ አጥፍቶ ያስነሳዋል። የከፈታችሁት ሥራ አይነካም።

«ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ ተመልሷል» የሚል መልእክት ከመጣ ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ካርዱን ሥራ አዝዞት 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ካልመለሰለት ተንጠልጥሏል ብሎ እንደገና ያስነሳዋል። አንዴ ቢሆን ችግር የለውም። ከተደጋገመ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መልሱ፦ «ዲቫይስ ማናጀር»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር»፣ «ሮል ባክ ድራይቨር»። ምልክቷ ፈዛዛ ሆና እንቢ ካለች የሚመለስበት የድሮ ድራይቨር የለም ማለት ነው። ያኔ ያዘጋጃችሁትን መመለሻ ተጠቀሙ። ያም ካልረዳ ወደ ሙቀቱና ወደ ኃይል ገመዱ ተመልከቱ። ፋኑ ላይ የተከመረ አቧራ ድራይቨር መስሎ ስንቱን አድክሟል።

«ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ «ኮድ 43» የሚል የስህተት መልእክት (ካርዱ ችግር ስላሳየ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው) ካያችሁ መጀመሪያ ዲዲዩን ሞክሩ። ካልሄደ ካርዱን ከማስገቢያው አውጥታችሁ መልሱት፤ በእርግጥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱም ከግድግዳው ተነቅሎ። አሁንም እዚያው ከሆነ ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፈትሹት።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ

ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ከሆነ ምንም አትጭኑም። ድራይቨሩ ከከርነሉ (ከሊኑክስ ዋና አካል) ጋር አብሮ ይመጣል። ሲስተሙን ማደስ ይበቃል። ኤንቪዲያ ከሆነ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ሪኮሜንድድ» የተባለውን ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ። ሴክዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ ሲጭን ፓስወርድ አውጡ ይላችኋል። ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኤንሮል ሞክ» ብላችሁ ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ። ያን ገጽ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ድራይቨሩ አይነሳም። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዶ በእጅ መጫን ይቻላል፣ ግን አልመክርም። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሊሰናከል ይችላል።

በየስንት ጊዜው ይታደሳል? አዲስ በወጣ ቁጥር አትሯሯጡ። አዲስ ጌም ከጫናችሁ፣ የሚያስቸግር ነገር ካለ፣ ወይም የደህንነት ማሻሻያ ወጣ ከተባለ አድሱ። ለነገ የሚደርስ ሥራ እየሠራችሁ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ አትንኩት። ሥራውን አስረክቡ፣ ከዚያ ይደርሳል።

በደንብ የሠራላችሁን ድራይቨር ፋይልም ከማውረጃው ፎልደር አታጥፉት። ፍላሽ ላይ ገልብጡት። የካርዱን ስምና የጫናችሁበትን ቀን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉበት። ዊንዶውስ እንደገና የምትጭኑ ቀን ዋይፋዩ እንኳን ሳይሠራ ድራይቨሩ እጃችሁ ላይ ይሆናል።